ገጽ አሥራ አራት

በገጽ አሥራ አራት እኔ እሞታለሁ፤
በሦስት መቶ ብርና በምሳ ተስማምቻለሁ።
እናቴ ሐይቅ ከተማ ሰርግ የሄድኩ ነው የሚመስላት፤
ሟች ነኝ ብዬ እንዴት ልንገራት?

ሙሄ ነው ደራሲው፣ ሙሄ ነው አዘጋጁ፣
ኮምቦልቻ መናኸሪያ ስልክ የሚጠግን በእጁ።
ካሜራችንም ስልክ ነው፣ ደንበኛ ረስቶት የሄደ፣
መስታወቱ ተሰንጥቆ የሸረሪት ድር የወለደ።
አርዲቦ ዳር ሰፈርን፤ አራት ድንኳን፣ አንድ ጄኔሬተር፣
ለደም የሚሆን ጀሪካን ሙሉ የቀይ ሥር ጭማቂ በስኳር።

ድንኳኖቹን ከየት አመጣህ ብዬ አልጠየቅኩም እኔ፤
ማኅተሙን ቀለም ቢቀቡትም ስተኛ ይነበባል ከጎኔ፤
የእርዳታ ነው፣ የዚያ ዓመት፣
ስድስት ሰባት ሰው ያደረበት።

ገዳዩ አራጋው ነው፤ የቆመ እንደ ስልክ እንጨት ግትር፣
ፊቱ ላይ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ለዓይኑ የተቀደደ ሁለት በር።
ለበዓል ዶሮ ማረድ ፈርቶ ጎረቤት የሚያስቸግር፣
በሰነዘረ ቁጥር «አመመሽ?» ብሎ ትዕይንት የሚሰብር።
«ካት!» ይላል ሙሄ፣ የቀረውን ነዳጅ ያሰላል፤
«አራጋው፣ ገዳይ ነህ እኮ! ገዳይ ይቅርታ ይላል?»
ከእኔ በፊት ሟቹ ቶፊቅ ሳር ውስጥ ተዘርሮ ያስነጥሳል፤
አንዱን ሞት አራቴ ይሞታል።

የዚህ ዓይነት ፊልም ሕግ አለው፤ ሙሄ በቃሉ ያውቀዋል፦
መኪናው አይነሳም፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ የድንኳኑ ዚፕ ይነክሳል፣
የሳቀች ቀድማ ትሞታለች፣ የሮጠች ትወድቃለች፣
ጮኻ ጮኻ ጮኻ ብቻዋን ትቀራለች።
ማንም አይመጣም።
ምሰሶው ይኼ ነው፤ ሰው ከመጣ ፊልም የለም።

ከሌሊቱ አራት ሰዓት። ጨረቃ ከተራራው ጀርባ።
ገጽ አሥራ አራት ደረሰ፤ ደሙ በፌስታል ደረቴ ገባ።
በልምምዱ አልጮኽኩም፣ «ድምፅሽን ቆጥቢ» ብሎኝ፤
የቆጠብኩት ሲወጣ የራሴው ጩኸት አስደነገጠኝ።
ሐይቁ ተቀብሎ ለወዲያኛው ገደል ሰጠው፤
ገደሉም አልያዘውም፣ ለመንደር ውሾች መለሰው።

መጀመሪያ አንድ ባትሪ፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ከዚያ ዳገቱ በሙሉ!
ባለ ሽመል፣ ባለ ማጭድ፣ ጫማ የረሱ ሁሉ።
አንዱማ የታንኳ መቅዘፊያ ይዟል፣ ውሃው ገና ይንጠባጠባል፤
«የት ናት ልጅቱ? የት ናት?» ድምፁ ውስጥ እንባ ይሰማል።
አራጋው ከነከረጢቱ የካርቶን መጥረቢያውን ጥሎ ሮጠ፣
ገዳያችን ሸምበቆው ሥር እስከ ጉልበቱ ሰመጠ፤
«ፊልም ነው! ፊልም ነው!» ይላል፤ ከረጢቱ ቃሉን ዋጠ።

ሞሚና የሚባሉ ሴት ከሁሉ ቀድመው ደረሱ፣
በሻሻቸው ጫፍ ደረቴን፣ አንገቴን እያበሱ፣
«አብሽሪ የኔ ልጅ፣ አለን፣ መጥተናል» እያሉ
ቁስል ፈለጉ። አጡ። ጣታቸውን ቀመሱ።

ስኳር።
ይቆጡናል ብዬ ነበር።
ዞረው ድንኳኑን አዩ፤ ቀለም የተቀባውን ዳበሱት፤
«እኛ ስንጮኽ እኮ...» አሉና የቀረውን ከስኳሩ ጋር ዋጡት።

ሰዉ ሳቀ። ባለ መቅዘፊያው አልሳቀም፤ መሬት ላይ ወድቆ እንደ ስልቻ
ይንቀጠቀጣል፤ ያ ሁሉ ሩጫ ለካርቶን መጥረቢያ ብቻ።

ስልኩ ለካ እየቀረጸ ነበር። ሙሄ እስኪነጋ ደጋግሞ አየው፤
ሕጉ ፈርሷል፣ ሰው መጥቷል፣ ገዳዩ ጭቃ ውስጥ ነው።
«ይኼ ፊልም አይደለም» አለኝ። አላጠፋውም ግን፤ እስካሁን አለው።

በማግስቱ ደገምነው፤ በቀን፣ በጥቁር ሸራ ጋርደን፣
መንደሩን ቤት ለቤት ዞረን፣ ለመጮኽ አስፈቅደን።
ጮኽኩ። ማንም አልመጣም። ትክክል ነበር፣ እንደ ሕጉ።
ጉንዳኖች ብቻ በሰልፍ መጡ፣ ማኅተሙ ላይ ስኳር ሊፈልጉ።